የስቲወርድ ክስ

«ሎርድ» የሚለው የእንግሊዝ ቃል፣ ሙሀመድአሚን እንደሚለው ከሆነ፣ የተወለደው እዚሁ ጨፋ ሜዳ ላይ ነው። «ሎን» በኦሮምኛ ከብት ነው፤ «አርዳ» ደግሞ ደጅ፣ ሰፈር። ሎን-አርዳ ማለት እንግዲህ ደጁን ከብት የሞላው ሰው ማለት ነው። ነጋዴዎች ቃሉን በባቲ አሳልፈው፣ በአፋር በረሃ አሻግረው፣ ባሕር ላይ አሳፈሩት። እንግሊዝ ሲደርስ የሰዎቹ አፍ አልችለው አለና ጫፍ ጫፉን ቆረጡት። ሎርድ ሆነ።

ቶፊቅ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ቃሉ ከእንግሊዝ ወጥቶ አያውቅም። ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩት እንግሊዞች ሁለት ቃል እያጣበቁ አንድ ማድረግ ይወዱ ነበር። «ህላፍ» ዳቦ ነው፤ «ዌርድ» ጠባቂ። ህላፍዌርድ፣ የዳቦ ጠባቂ። ዘመን ሲያኝከው መሃሉ ሟሟና ሎርድ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ «ሌዲ» የተባለችውም ዳቦ የምታቦካ ከሚል ጥምር ቃል ነው። በቤቱ የሚያድረውን አገልጋይ ደግሞ ዳቦ በላተኛ ይሉት ነበር።

የከሚሴ ከተማ ሁለቱንም ሰማችና የመጀመሪያውን መረጠች። ማን ይፈርድባታል? አንደኛው ታሪክ የአገሩን ገበሬ የእንግሊዝ ጌቶች አያት ያደርገዋል። ሁለተኛው የእንግሊዝን ጌታ የዳቦ ቤት ዘበኛ ያደርገዋል።

ምርጫው የተደረገው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሀጂ ዓብዱልመጂድ በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሀጂ የጨፋ ሮቢት የእህል ነጋዴ ናቸው። ከሚሴ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ትምህርት ቤት አሠርተው ለመስከረም ሊከፍቱት ተዘጋጅተው ነበር። ቀለሙ ደርቋል፣ ወንበሩ ገብቷል፤ የቀራቸው አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ቀንበር ሳይጭንበት አይገዛም ብለው ሁለቱን አመልካቾች በወላጆች ፊት ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲያስተምሩ ጠሯቸው።

ቶፊቅ በእንግሊዝኛ ተመርቆ ከደሴ ከተመለሰ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በእነዚህ ዓመታት መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የእህቱ የአሻ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓሮ፣ ለዘጠኝ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ከማስተማር ሌላ ቋሚ ሥራ አላገኘም። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ያነባል፣ ያመለክታል፣ ይጠብቃል። የሀጂ ትምህርት ቤት ካመለጠው የሚቀረው አዲስ አበባ ሄዶ የማያውቀውን ደጅ መጥናት ነው። ይህን እሱም፣ አሻም ያውቃሉ።

ሙሀመድአሚን አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ዶሃ አንድ ሀብታም ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ ተመልሷል። ይዞ የመጣው አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ አንድ ሳጥን ሙሉ የስም ካርድና ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የፈለገውን የመናገር ድፍረት ነው። ካርዱ ላይ ከስሙ ሥር በወርቃማ ፊደል «ስቲወርድ» ይላል። ከተማው «ቲቸር ዶሃ» ይለዋል። መጽሐፍም አለው፤ አርባ ገጽ፣ «የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላት ድብቅ ምስጢር» የሚል። ቶፊቅን ያንገበገበው ደግሞ መጽሐፉን ኮፒ አድርጋ፣ ጠርዛ የምታወጣው የገዛ እህቱ መሆኗ ነው።

«ውሸት እያባዛሽ ነው እኮ» ይላታል።

«እኔ የማባዛው ወረቀት ነው» ትለዋለች፣ ማሽኑ ላይ እንዳጎነበሰች። «አንተም ጻፍና አምጣ። ያንተንም አባዛዋለሁ።»

መጽሐፉን ቶፊቅ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። አንድ ጊዜ ለመሳቅ፣ አንድ ጊዜ ለመናደድ። ሁለተኛው ላይ ያስተዋለው ነገር ቢኖር ሰውየው «ምናልባት» የሚል ቃል በአርባ ገጽ ውስጥ አንድም ጊዜ አለመጻፉን ነው። አንድ ቃል ከየት እንደመጣ የመረመሩ ሰዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው «እርግጠኛ አይደለንም» ብለው ያልፋሉ። ሙሀመድአሚን ሻይ እየጠጣ ሦስት ቃል ይፈታል።

ያም ሆኖ ለእውነቱ መመስከር ካለብን፣ ልጆች ይወዱታል። የእሱ ክፍል ውስጥ አፉን ለመክፈት ያፈረ ልጅ የለም። ከቶፊቅ ዘጠኝ ተማሪዎች አራቱ ግን እስከ ዛሬ ጥያቄ ሲጠየቁ ጣሪያ ያያሉ። ቶፊቅ ይህን ያውቀዋል፤ ሲያውቀው ደግሞ የበለጠ ይበግናል።

የዚያን ቅዳሜ ሙሀመድአሚን ቀድሞ አስተማረ። ሎን-አርዳን ሲተነትን አንድ ከጨፋ የመጡ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ዱጋ ነው! እውነት ነው! እኛኮ ድሮም እናውቀው ነበር!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ ሰውየው ያለ እሳት ያለ ምጣድ ቆላው።

ቶፊቅ ተራው ሲደርስ ጥሩ ጀመረ። «ናይትሜር» የሚለውን ጥምር ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የመጀመሪያው ክፍል ሌሊት ነው። ሁለተኛውን መጽሐፉ ውስጥ ሙሀመድአሚን «ባዝራ ፈረስ» ብሎ፣ ቃሉን በሙሉ «የሌሊት ባዝራ» አድርጎታል።

«ፈረስ አይደለም» አለ ቶፊቅ። «ድሮ እንግሊዞች ሰው ሲተኛ መጥቶ ደረቱ ላይ የሚቀመጥ፣ እንዳይጮህ የሚያፍነው፣ እጅ እግሩን የሚያስረው ነገር አለ ብለው ያምኑ ነበር። ስሙ እሱ ነው።»

«ዱካክ ነዋ!» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

«አዎ እናቴ! ዱካክ!»

ሰዉ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነበር። ቶፊቅ ደሙ ሞቀ። ይኼን ጊዜ ቢያቆም ኖሮ ሥራውን ይዞ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ማቆም አልቻለም። የቀደመውን ውሸት ሳያርም መውረድ ጉሮሮው ውስጥ እንደ አጥንት ተሰነቀረበትና ወደ ሎርድ ሄደ። ዳቦውን አመጣ፣ ጠባቂውን አመጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጠቀሰ።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉት ያው የጨፋው ሽማግሌ። «የእንግሊዝ ጌታ ዳቦ ቤት በር ላይ ቁጭ ይል ነበር ነው የምትለን?»

«እንደሱ ሳይሆን...»

«ሚስቱስ ጋጋሪ ናት?»

«አቡኪ...»

«ታዲያ ዓለሙን ማን ገዛው? ዳቦ ቤት?»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ሌላ ነበር። ቶፊቅ መልስ ነበረው፤ መልሱ የመጣለት ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ወሎ ላይ፣ ድርቅ በገባበት ዓመት የእህል ጉድጓዱን ከነክዳኑ የሚጠብቀው ሰው ማን ነበር? ጌታ ማለት እሱ አልነበረም? ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢላቸው ኖሮ አባቶች ሁሉ ዝም ይሉ ነበር። ነገር ግን ብልሃት የሚመጣለት ባጃጅ ውስጥ ለሆነ ሰው አዳራሽ ምን ይሠራለታል?

ሰዉ እየሳቀ ሳለ ሙሀመድአሚን ሳይጠሩት አቤት ብሎ ተነሳ። ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ።

«ወላጆች፣ ልጁ ገና ልጅ ነው፤ አትሳቁበት» አለ። ያዘነ መስሎ መሳደብ የሚችል ሰው ነበር። «ቃል ከመጽሐፍ አይገኝም፣ ከኑሮ ነው የሚገኘው። እኔ ዶሃ ስቲወርድ ነበርኩ። ስቲወርድ ማለት ምን ማለት ነው? ስቴት፣ መንግሥት። ወርድ፣ ጠባቂ። የመንግሥት ዘብ ማለት ነው። ይህንን ማዕረግ ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ የትኛውን ተሸክሟል? ደብተር!»

«ስቲወርድ ማለት የአሳማ ጋጣ ጠባቂ ማለት ነው» አለ ቶፊቅ።

በጩኸት አላለውም፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ ነው ያለው። አዳራሹ ግን ሁሉ ሰማው።

«ምን ማለት ነው አልክ?» አሉ ሀጂ።

«‹ስታይ› ጋጣ ነው፤ የአሳማ። ወርድ ጠባቂ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ ለጥፎት የዞረው ይኼንን ነው። ጠይቁት፣ አያውቀውም። አንተ፣ ካርድህን አንብበኸው ታውቃለህ?»

አንተ ብሎታል። በዕድሜ አባቱ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ሰው፣ በሰው ፊት። «አስተግፊሩላህ» አለ አንድ ሰው። «ኸንዚር ነው ያለው?» አለ ሌላው። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሙሀመድአሚን ካርዱን በእጁ እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ቶፊቅ ያንን አፍ አየና ነፍሱ ጠገበች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሊያየው የተመኘው ይህንን ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወሬው ቅዳሜ ከሰዓት መናኸሪያ ገብቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሰኞ ባቲ ገበያ ሲደርስ ቲቸር ዶሃ ሦስት መቶ አሳማ ጠብቆ ነበር። ከባቲ ሲመለስ ደግሞ ሥጋውንም ቀምሷል። በዚያው ሳምንት የሙሀመድአሚን ሚስት ረቢአ ለሟች አባቷ ሰደቃ አርዳ ለጎረቤት በየሳህኑ ሥጋ ላከች። ሦስት ቤት ሳህኑን እንደተሸፈነ መለሱላት። ሦስቱም በአንድ ቀን ሆዳቸውን አሟቸዋል።

ይህን ለቶፊቅ የነገረችው አሻ ናት። አልሳቀችም።

«ሳህኗን አቅፋ በደጄ ስታልፍ አየኋት» አለችው። «ሰው እንዳያያት በነጠላዋ ጋርዳዋለች።»

ቶፊቅ ወደ ጓሮ ገባና፣ ሲመረቅ የገዛውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ከሚያኖርበት ሣጥን የሦስተኛ ዓመት ደብተሩን አወጣ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት ትላልቅ መዝገበ ቃላት፣ ደስ ያሉትን ጥምር ቃላት በራሱ እጅ የገለበጠበት ደብተር ነው። «ዴይዚ» የምትባለው አበባ የቀን ዓይን መሆኗን የጻፈበት፣ «ሃስባንድ» መጀመሪያ ባለቤት፣ በቤቱ የሚኖር ማለት እንደነበር የጻፈበት። ስቲወርድን አገኘው። በእሱው የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ስቲግ፣ አዳራሽ፣ ቤት ወይም የቤት ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ወርድ፣ ጠባቂ። አንዳንዶች የአሳማ ጋጣ ከሚል ነው ይላሉ፤ ማስረጃ የለም።»

«ማስረጃ የለም» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ረስቶት ነበር ማለት አይቻልም። አዳራሹ ውስጥ አፉን ሲከፍት ከአሳማው ቀጥሎ አንድ ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር። የሚያሰኘውን አንስቶ የማያሰኘውን ተወው እንጂ። ደብተሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሰው ንቆት የኖረውን ነገር ራሱ ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ለመናገር ቃል ቢፈልግ፣ ከየትኛውም ዘመን አላገኘም።

ሙሀመድአሚን ፖሊስ ጋ አልሄደም። የሄደው ሸህ ዘይኑ ጋ ነው። ሸህ ዘይኑ አበጋር ናቸው፤ የተጣላን ማስታረቅ ከአባታቸው፣ ለአባታቸውም ከአያታቸው የወረደላቸው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ወደ ጨፋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ። ክሱ ስም ማጥፋት ነው፤ እሑድ ጠዋት ቅረብ የሚል ቃል ለቶፊቅ ደረሰው። ሀጂ ዓብዱልመጂድም ይገኛሉ ተባለ። አስተማሪያቸውን የሚመርጡት ከፍርዱ በኋላ ነው።

በዋዜማው፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቶፊቅ ደብተሩን ለእህቱ አሳያት። አነበበችው።

«ይኼን ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም።»

«እንግዲያው ደብተሩን ማሽኑ ሥር ልጨምርልህና መዝገበ ቃላቱን ብቻ ይዘህ ሂድ። ሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛ አያነቡም። ዶሃም ቢያነብ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ከፍቶ ፊደሉን አያገኘውም። ‹መጽሐፉ ነው ያለው፣ እኔ ምን ላድርግ› በላቸው። ሥራው ያንተ ነው።»

«ረቢአስ?»

አሻ ወረቀት ማስተካከል ጀመረች። «የሷን ነገር አላህ ይያዘው» አለች፣ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

እሑድ ጠዋት ዋርካው ሥር አሥር ያህል ሰው ተቀምጦ ነበር። ዱዓ ተደረገ። ሸህ ዘይኑ ቀጭን፣ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው እየዞሩ ሃያ ዓመት ቁርአንና ኪታብ ቀርተዋል። እሳቸው ዘንድ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን አይከፍትም፤ የከፈተ ይነሣና ከዋርካው ጥላ ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ሙሀመድአሚን ሁለቴ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ተመለሰ። ግራጫው ሙሉ ልብስ ጀርባው ላይ ጠቁሯል።

ሁለቱም ቃላቸውን ሲጨርሱ ሸህ ዘይኑ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» አሉ። «የማውቀው አንድ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ዝም ብሎ ‹እንዲህ ነው› አይልም። ከማን እንደሰማው፣ ያም ከማን እንደሰማው ይናገራል፤ ሰንሰለቱ የተቆረጠበት ወሬ ከሜዳ ላይ የተለቀመ ነው። ሙሀመድአሚን፣ ያንን የከብቱን ነገር ኤኙራ ዸጌሴ? ከማን ሰማኸው?»

«ያ ሸህ፣ እኔ... ተመራምሬ ነው።»

«ተመራምረህ። ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር።»

«ራስህስ ከማን ሰማ?»

ሙሀመድአሚን ላቡን ጠረገ። «አንዳንድ ነገር ለሰው በልቡ ይመጣለታል።»

«ይመጣል» አሉ ሸህ ዘይኑ። «ለኔም ይመጣል። ሲመጣልኝ ግን መጽሐፍ አድርጌ አልጠርዘውም፤ ልጄን አላስተምርበትም፤ ሁለት ረከዓ ሰግጄ ተኝቼበት ጠዋት እረሳዋለሁ።» ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። አንዱ ጫማው ላይ ያለውን አቧራ እያየ ሳቁን ዋጠ። ሸህ ወደ ቶፊቅ ዞሩ። «አንተስ? የዳቦውን?»

ቶፊቅ መዝገበ ቃላቱን ከፈተ። ቃሉ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው የጥንት ጽሑፍ፣ ምን መልክ ይዞ እንደተገኘ ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። ጣቱን እያስኬደ ተረጎመላቸው፦ ይህ በዚህ ዘመን እንዲህ ተጻፈ፣ ያ ከዚያ በኋላ እንዲህ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የማያነቡትን ገጽ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «እነሱም ሰንሰለት አላቸው!» ከዚያም እንደ ቀልድ «ዳቦውን የጠበቀ ጌታ ቢባል ምን ይገርማል? በክፉ ቀን ያየነው ነው» አሉ።

ቶፊቅ ሦስት ዓመት ሲመኘው የኖረ ሰሚ ይኸው ፊቱ ተቀምጧል። ሀጂ ዓብዱልመጂድም ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። ሥራው እጁ ገብቷል።

«እንግዲህ ወደ ክሱ» አሉ ሸህ ዘይኑ። «አሳማውን ከማን ሰማኸው?»

መጽሐፉ ጭኑ ላይ ነው። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ «ከዚህ» ቢል በቂ ነበር። ዋርካው ሥር ካሉት አንዳቸውም መስመሩን ማንበብ አይችሉም። ሙሀመድአሚንን ተመለከተ፤ ሙሀመድአሚን ፈርቷል። ፍርሃቱ የመዋረድ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሰውየው ነገሩ እውነት ይሆን ብሎ ነው የፈራው። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመው ማዕረግ ምን ማለት እንደሆነ በእርግጥ አያውቅም፤ እዚህ መካከልም የሚያውቀው የሚንቀው ሰው ብቻ ነው። ቶፊቅ ሰውን እንዲህ አስፈርቶ አያውቅም ነበር። ደስታው ግን የአዳራሹን ያህል አልሆነለትም፤ መሃሉ ላይ በነጠላ የተጋረደች ሳህን ነበረች።

«ሸህ» አለ፣ «ከማንም አልሰማሁትም። አንዳንድ ሰው ይለዋል፤ መጽሐፉ ግን ማስረጃ የለውም ብሎ ይጥለዋል። ማስረጃ እንደሌለው አውቅ ነበር። ሊቃውንቱ ወደዚህ ነው የሚያደሉት» ብሎ ጣቱን አሳረፈ፣ «የአዳራሽ ጠባቂ፣ የቤት ጠባቂ። የጌታው ቤት አደራ ያለበት፣ ታማኝ ሰው። አሳማ የለበትም። የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ላዋርዳቸው ብዬ።»

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ሙሀመድአሚን ነው።

«አላልኳችሁም?» ብሎ ብድግ አለ። ፊቱ በአንዴ በራ። «ጠባቂ! ጠባቂ ነው አላልኩም? ታማኝ! ይኸው መጽሐፉ መሰከረልኝ! እኔ ከመጽሐፉ በፊት አውቄዋለሁ!»

«ፀሐይ ላይ» አሉ ሸህ ዘይኑ።

እየሳቀ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። እዚያም ሆኖ አጠገቡ ላለው ሰው ካርዱን ያሳይ ነበር። ቶፊቅ ተመለከተው። ምስጋና አልጠበቀም ነበር፤ ሆኖም ሰውየው ከሞት ተርፎ የተረፈበትን ገመድ የራሱ ነው ሲል ማየት ሌላ ነገር ነው። ከእውነት ያተረፈው ትርፍ ቢኖር ይኼ ነው፦ ለውሸታሙ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ።

ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው ተማከሩ። ሀጂ ዓብዱልመጂድም ገቡበት። ሲመለሱ ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አሉ። «ሁለት ጥሩ ዕቃ ሲጣላብኝ አንዱን አልጥልም፤ አንድ መጋዘን አስገባቸዋለሁ። ቶፊቅ፣ በአዳራሹ ባለጌ ነበርክ፣ ዛሬ ሰው ሆነሃል። ሙሀመድአሚንን ደግሞ ሕዝቡ ይወደዋል፤ ልጆች ይዞ ይመጣል። ሁለታችሁም ለመስከረም ግቡ። እሱ ኃላፊ፣ አንተ ምክትል። መጽሐፉን አብራችሁ ታሳትሙታላችሁ፤ የቃላቱን ስህተት እያየህ ትሞርድለታለህ፣ ግን ሰው የወደደውን አትነካበትም። ሽፋኑ ላይ የሁለታችሁም ስም ይወጣል። በዚሁ ትታረቃላችሁ።»

«ማሻአላህ» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ወላሂ እስማማለሁ!» አለ ሙሀመድአሚን ከፀሐይ ላይ። «ልጁ ጎበዝ ነው። አሠለጥነዋለሁ።»

ቶፊቅ አልጮኸም። በፍትሕ ካየው ሀጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰጡት ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ቋሚ ሥራ። አሻ ብትሰማ እልል ትላለች። ሲያሰላው ግን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ተሰናከለ፦ ሰው የወደደውን አትነካበትም። የትኛውን ገጽ ነው ታዲያ የሚነካው? በአርባው ገጽ ውስጥ ሰው ያልወደደው አንድም መስመር የለም፤ ሁሉም ሰውን ለማስደሰት የተጻፈ ነው። ከመስከረም ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ክፍል ልጅ ያንን እየሸመደደ ይወጣል፣ ከሥሩም እርግጡን የሚያውቅ ሰው ስም ታትሞበታል። ሙሀመድአሚን ሲዋሽ ቢያንስ አያውቅም ነበር።

«ልጄ» አሉ ሸህ ዘይኑ፣ «ኢልማ ኮ፣ ሰምተሃል። ሁለት ነገር ነው የተጠየቅከው፤ እርቅና ሥራ። ምን ትላለህ?»

ቶፊቅ ተነሳ። ከጥላው ወጥቶ ሙሀመድአሚን ወደተቀመጠበት ፀሐይ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ሰውየው በሽቶና በላብ ይሸታል።

«ለአሳማው አፉ በሉኝ» አለው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዋሽቼብዎታለሁ። ዛሬውኑ እቤትዎ መጥቼ ለረቢአም፣ ለጎረቤቶችዎም በየበሩ እነግራቸዋለሁ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ አውፍ ብያለሁ» አለ ሙሀመድአሚን ጀርባውን እየመታው። «በል ሰኞ ና፣ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን።»

ቶፊቅ ቀና አለና ወደ ሀጂ ዞረ።

«ሀጂ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ። «እርቁን ተቀብያለሁ፣ ሥራውን አልተቀበልኩም። ለመስከረም ሌላ ሰው ይፈልጉ።»